«የፈረንጅ ሽማግሌ በሽታ» እናቴን እንዴት ያዛቸው?

ጥያቄው የመጣው ከኮምቦልቻ ነው፤ አሳጥሬ ላስቀምጠው። «የ67 ዓመት እናቴ ለወራት ልባቸው እየዘለለባቸው፣ ዳገት ሲወጡም ትንፋሽ እያጠራቸው ቆዩ። ደሴ ወስደናቸው የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ (ኢሲጂ) ሲነሡ ‹ኤትሪያል ፊብሪሌሽን› ተባሉ። አጠገባቸው በተኛች የ29 ዓመት ወጣት ካርድ ላይም ይኸው ስም ተጽፏል፤ እርሷ ግን ግማሽ አካሏ አልታዘዝ ብሏታል። ሳነብ የፈረንጅ ሽማግሌዎች በሽታ ነው፣ አፍሪካ ውስጥ እምብዛም የለም ይላል። ታዲያ እነዚህን ሁለት ሴቶች ምን አገናኛቸው? በአገራችንስ ምን ያህል አለ? የደሴ ብርድና ከፍታ ያመጣው ነው የሚሉ አሉ። ጎረቤት ደግሞ አስፕሪን ይበቃቸዋል ይላል። ለእኛ ለልጆቹስ ይተላለፋል?»

እናትዎን ፈጣሪ ይማርልዎ። ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እርስዎ በሁለት አልጋ መካከል ቆመው ያዩት ነገር፣ እኔ ደሴ ላይ የውስጥ ደዌ ሐኪም ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ ስመላለስበት የኖርኩት ጉዳይ ነው። መልሴን አስቀድሜ ልናገር፤ እናትዎንና ያችን ወጣት የያዛቸው ሕመም ስሙ አንድ ይሁን እንጂ የመጣበት መንገድ ሁለት ነው። የውጭ መጻሕፍት በብዛት የሚያወሩት ስለ እናትዎ መንገድ ነው። የወጣቷ መንገድ በሀብታሞቹ አገሮች ከተዘጋ ቆይቷል፤ በእኛ አገር ገና ክፍት ነው። «አፍሪካ ውስጥ እምብዛም የለም» የሚለው ቁጥር ደግሞ ቀረብ ብለው ሲመረምሩት ብዙ ቀዳዳ አለበት።

ልብ ከላይ ሁለት፣ ከታች ሁለት ክፍሎች አሏት። ጤነኛ ልብ የምትመታው ከቀኙ የላይኛ ክፍል በሚነሣ ትንሽ የኤሌክትሪክ ትእዛዝ ነው። ትእዛዙ ሲነሣ ላይኞቹ ክፍሎች ይጨመቃሉ፣ ታችኞቹ ይከተላሉ። በወሎ መንዙማ እየሰማ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ድቤው ይመታል፣ ጭብጨባው ይከተላል፣ ቤቱ ሙሉ ከእርሱ ጋር ይወዛወዛል። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ማለት በላይኞቹ ክፍሎች ውስጥ መቶ ድቤ መቺ በአንድ ጊዜ ተነሥቶ አንዱ ሌላውን ሳይሰማ ሲቀር ነው። በደቂቃ ከ300 በላይ የተዘበራረቀ ትእዛዝ ይነሣል፤ ላይኛው ክፍል መጨመቁን ትቶ ይንቀጠቀጣል። ከላይ ወደ ታች የሚያሳልፈው በረኛ ከዚያ ሁሉ ትእዛዝ የተወሰነውን ብቻ፣ ያውም ያለ ሥርዓት ስለሚያሳልፍ፣ ታችኛው ክፍል አንዴ ፈጥኖ አንዴ ዘግይቶ ይመታል። እናትዎ «ልቤ ዘለለ» ያሉት ይህን ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን መዝለሉ አይደለም። የማይጨመቅ ክፍል ውስጥ ደም ይተኛል፤ የተኛ ደም ይረጋል። በግራው የላይኛ ክፍል ጎን የጆሮ ቅርፅ ያላት ትንሽ ከረጢት አለች፤ ደሙ በብዛት የሚረጋው እዚያ ነው። የረጋው ደም አንድ ቀን ተነቅሎ ወደ አንጎል ሲሄድ ስትሮክ ይሆናል። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት ፍራሚንግሃም በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1948 የተጀመረውና ነዋሪዎቿን ለአሥርት ዓመታት የተከታተለው ጥናት፣ ይህ የምት መዛባት ያለበት ሰው በስትሮክ የመያዝ ዕድሉ ከሌለበት ሰው 5 እጥፍ ገደማ እንደሆነ አሳይቷል። የምት መዛባቱ በሩማቲክ ሕመም (ምንነቱን ወደ ኋላ እናገራለሁ) ከተጎዳ የልብ ቫልቭ፣ ማለትም በክፍሎቿ መካከል ካለው በር፣ ጋር ሲመጣ ደግሞ ያው ጥናት ያገኘው 17 እጥፍ ነው። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ይያዙልኝ። የመጀመሪያው ወደ እናትዎ አልጋ፣ ሁለተኛው ወደ ወጣቷ አልጋ ያመለክታል።

በዓለም ላይ ምን ያህል ሰው አለበት ለሚለው፣ እ.ኤ.አ. ለ2019 የተሠራው የዓለም የበሽታዎች ጫና ግምት ወደ 60 ሚሊዮን ያደርሰዋል። ሕመሙ ከዕድሜ ጋር እንዴት እንደሚጨምር በግልጽ ከታየባቸው ቦታዎች አንዱ ካሊፎርኒያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመና የ1.9 ሚሊዮን ያህል ጎልማሶችን መዝገብ የፈተሸ ጥናት፣ ከ55 ዓመት በታች ካሉት ከ1,000 ሰው 1፣ 80 ዓመት ከሞላቸው ግን ከ100 ሰው 9 ምታቸው ተዛብቶ አግኝቷል። በፍራሚንግሃምም 40 ዓመት የሞላው ሰው በቀሪ ዕድሜው በዚህ ሕመም የመያዝ ዕድሉ ከ4 ሰው 1 ነበር። «የሽማግሌ በሽታ» የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው፤ በተቆጠረበት አገርም እውነት ነው።

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። በአፍሪካ ገጠሮች አረጋውያንን እየፈለጉ ኢሲጂ ያነሡ ጥናቶች አሉ። በሰሜን ታንዛንያ 70 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው ሰዎች ላይ የተደረገው ያገኘው ከ100 ሰው 1 እንኳ አይሞላም። በካሊፎርኒያ መለኪያ ቢሆን በዚያ ዕድሜ ከ5 ያላነሰ ይጠበቅ ነበር። ይህን ይዘው «አፍሪካዊ በተፈጥሮው ተጠብቋል» የሚሉ አሉ። ነገሩ ከመሬት የተነሣ አይደለም። የአሜሪካ ጥቁሮች ከነጮቹ ይልቅ የደም ግፊት እየበዛባቸው ይህ የምት መዛባት ሲቆጠር ግን በእነርሱ ላይ ያንሳል፤ በዘር ሐረግ ላይ የተሠራ ጥናትም የአውሮፓ የዘር ድርሻ ከፍ ባለ ቁጥር ዕድሉ እንደሚጨምር አሳይቷል። ስለዚህ ተፈጥሮ ድርሻ ሊኖራት ይችላል። ልዩነቱን ሁሉ ለእርሷ ሰጥቶ መተኛት ግን ሰው የሚያስገድል ስንፍና ነው እላለሁ፤ ምክንያቴን ላስረዳ።

እንስራ ያስቡ። ከላይ ውሃ ይገባል፣ ከታች ቀዳዳ አለ። በአንድ ቀን እንስራው ውስጥ የተገኘውን ውሃ መለካት፣ በአንድ ወቅት ከሕመሙ ጋር የሚኖሩትን ሰዎች እንደ መቁጠር ነው፤ በእኛ ሙያ ስርጭት የምንለው ይህንን ነው። ከላይ የሚገባው በየዓመቱ አዲስ የሚያዘው ሰው ነው። ቀዳዳው ሞት ነው። ቀዳዳው ሰፊ ከሆነ የሚገባው ብዙ ሆኖ ሳለ እንስራው ባዶ ሊመስል ይችላል። ቀዳዳችን ምን ያህል እንደሚሰፋ ደግሞ ተለክቷል። ሪ-ላይ የተባለ መዝገብ በ47 አገሮች በዚህ የምት መዛባት ወደ ድንገተኛ ክፍል የመጡ ከ15,000 በላይ ሕሙማንን ለአንድ ዓመት ተከታትሎ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ታተመ። በሰሜን አሜሪካ፣ በምዕራብ አውሮፓና በአውስትራሊያ በዓመቱ ውስጥ የሞቱት ከ100 ሰው 10 ሲሆኑ፣ በአፍሪካ የሞቱት 20 ናቸው። የአፍሪካዎቹ ሕሙማን በዕድሜ ከእነዚያ በ10 ዓመት ገደማ ያንሱ ነበር። በዕድሜ ያነሱት በእጥፍ ሞቱ ማለት ነው። በዚያው ዓመት በስትሮክ የተያዙትም በአፍሪካ ከ100 ሰው 8 ነበሩ፤ ከተመዘገቡት የዓለም ክፍሎች ሁሉ ከፍተኛው።

ሌላው ቀዳዳ ያለው አቆጣጠሩ ላይ ነው። አንድ መደበኛ ኢሲጂ የሚቀዳው 10 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ሕመሙ ደግሞ በብዙዎች ላይ መጀመሪያ እየመጣ ይሄዳል፤ ሌሊት ለጥቂት ሰዓታት ይነሣና ሲነጋ ይለቃል። ኢሲጂ ይዞ መንደር ለመንደር የሚዞር ሰው ያን ሰዓት ካላገኘው ሕመምተኛው «ጤነኛ» ተብሎ ይመዘገባል። የካሊፎርኒያው መዝገብ ግን ሰዎቹ ለዓመታት በተመላለሱባቸው ክሊኒኮችና ሆስፒታሎች የተጠራቀመ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ማስቀመጥ በኮምቦልቻ የአንድ ቀን ዝናብ ለክቶ ከደሴ ሙሉ ክረምት ጋር እንደ ማወዳደር ይሆናል። በዚህ ላይ አገራችን የወጣት አገር ናት፤ 65 ዓመት የሞላቸው ከ100 ሰው 5 አይሆኑም። በዕድሜ የሚመጣ ሕመም አረጋዊ ባነሰበት ያንሳል፤ ዛሬ ኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ውስጥ የሚሠራው ጎልማሳ ዕድሜ ሲጠግብ ግን ቁጥሩ አብሮ ያድጋል።

በተቃራኒው ከሆስፒታል የሚወጣ ቁጥር ሲያዩም ይጠንቀቁ። ደሴ ላይ እኛ ዘንድ የሚደርሰው ሰው ከደቡብ ወሎ ብቻ አይመጣም፤ ከሰሜን ወሎ፣ ከኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን፣ ከአፋርም ይመጣል። ጤና ጣቢያውንና የወረዳውን ሆስፒታል አልፎ፣ ብሶበት የመጣ ነው። በእኛ ክፍል ከተኙት 10 የልብ ሕሙማን የ3ቱ ምት ተዛብቶ ቢገኝ፣ ሰኞ ገበያ ከሚውለው 10 ሰው የ3ቱ ምት ተዛብቷል ማለት አይደለም።

ያችን ወጣት እኔ አላየኋትም፤ አውቃታለሁ ማለት ግን እችላለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ የገጠር ወረዳ ያመጧት ሴት ነበረች፤ 30 ዓመት አልሞላትም። ጠዋት አቦሉን ቀድታ ስታበቃ ሲኒው ከእጇ ወደቀ። ልታነሣው ስትጎነበስ ቀኝ እጇ አልመጣላትም፤ «ምን ሆንሽ?» ሲሏት ቃል ከአፏ አልወጣም። «መጋኛ ነው» ተብሎ ቀኑን ሙሉ ቤት ዋለች። እኔ ዘንድ ስትደርስ የግራ እጇን አንጓ ያዝኩ። በጣቶቼ ሥር ሁለት ፈጣን ምት መጣ፣ ከዚያ ዝምታ፣ ከዚያ አንድ ደካማ፣ ከዚያ ሦስት የተደራረበ። ማዳመጫውን ደረቷ ላይ አድርጌ በደቂቃ 130 ቆጠርኩ፤ ነርሷ በዚያችው ደቂቃ አንጓዋ ላይ የቆጠረችው 96 ነበር። ልዩነቱ ልቧ እየመታች እጇ ድረስ ደም መላክ ያቃታት ምት ነው። በኢኮ፣ ማለትም በልብ አልትራሳውንድ፣ ስናያት በግራው የላይኛና የታችኛ ክፍል መካከል ያለው ሚትራል የሚባለው ቫልቭ ጠንክሮ፣ ጠርዝና ጠርዙ ተጣብቆ፣ እንደ ዓሣ አፍ ጠቦ ነበር። የጤነኛ ሰው ይህ ቫልቭ ሲከፈት ስፋቱ ከ4 እስከ 6 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ነው፤ የእርሷ 1 አልሞላም። ደም በዚያች ጠባብ በር ማለፍ ሲያቅተው ላይኛው ክፍል ለዓመታት ተለጥጦ እንደ ፊኛ ተነፍቷል። የተለጠጠና የጠባሰ ግድግዳ ኤሌክትሪኩን በሥርዓት አያስተላልፍም፤ ምቷ የተዛባው ከዚህ ነው። «የልብ ሕመም አለብሽ» ያላት ሰው ከዚያ ቀን በፊት አልነበረም። የምታስታውሰው ግን አለ፤ በልጅነቷ ጉልበቷና ቁርጭምጭሚቷ ተራ በተራ እያበጠ ለሳምንታት ከትምህርት ቤት ቀርታ ነበር።

ያ እብጠት የሩማቲክ ትኩሳት ነው። ስትሬፕቶኮከስ በሚባል ባክቴሪያ የመጣ የጉሮሮ ሕመም ሳይታከም ሲቀር፣ በአንዳንድ ልጆች ላይ ሰውነት ለባክቴሪያው ያዘጋጀውን መሣሪያ በገዛ ልቡ ላይ ያዞራል። የሚያጠቃው በአብዛኛው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ነው። ብዙ ልጅ በአንድ መደብ የሚያድርበት ጠባብ ቤትና ርቆ ያለ ጤና ጣቢያ መኖሪያዎቹ ናቸው። ጉሮሮ ከታመመ በ9 ቀን ውስጥ የተጀመረ ፔኒሲሊን የሩማቲክ ትኩሳቱን ሊያስቀር ይችላል። በአካባቢያችን ግን ብዙ ወላጅ ልጁን መጀመሪያ የሚወስደው ቶንሲል ለሚቧጥጡ፣ እንጥል ለሚቆርጡ ሰዎች ነው። በክፋት የሚያደርገው የለም፤ ልጁ ሲያቃስት ማየት አቅቶት ነው። ሆኖም መቧጠጥ ባክቴሪያውን አያጠፋም፤ ቁስል ይጨምራል፣ እነዚያን 9 ቀናትም ይበላል። ይህን በምጽፍበት ጊዜ እንኳ ያዝናል ልቤ፤ ያቺ ሴት ያጣችው ቀኝ እጅ ዋጋው የአንድ መርፌ ፔኒሲሊን ነበር።

ብዛቱንም ልንገርዎ። በአገራችን በ6 አካባቢዎች ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 25 የሆኑ 3,238 ተማሪዎች በኢኮ ታይተው፣ ከ1,000ው 19ኙ ላይ የሩማቲክ የልብ ጉዳት ተገኝቷል። 60 ተማሪ በሚማርበት ክፍል አንድ ልጅ ማለት ነው፤ አብዛኞቹም ምንም አይሰማቸውም። ሬሜዲ የተባለው ጥናት ደግሞ ኢትዮጵያን ጨምሮ በ12 የአፍሪካ አገሮች፣ በህንድና በየመን 3,343 የሩማቲክ ልብ ሕሙማንን መዝግቧል። መካከለኛ ዕድሜያቸው 28 ዓመት ነበር፤ ከ3ቱ 2ቱ ሴቶች ናቸው፤ ከ5ቱ ከአንድ በላይ የሚሆኑት ምታቸው የተዛባ ነው። ካሊፎርኒያ ላይ ከ1,000 ሰው አንድ በሚገኝበት ዕድሜ! በዚያ በጠቀስኩት በሪ-ላይ መዝገብም ምታቸው ከተዛባ ሰዎች መካከል የሩማቲክ ሕመም የነበረባቸው በሰሜን አሜሪካ ከ100 ሰው 2 ብቻ ሲሆኑ በአፍሪካ ከ21 በላይ ነበሩ። ሁለቱን ሴቶች ያገናኛቸው ምንድን ነው ላሉት መልሱ እዚህ ላይ ነው። አንዷን ዕድሜ፣ አንዷን የልጅነት ጉሮሮ ሕመም እዚያ አልጋ ላይ አደረሳቸው።

የእናትዎን መንገድ በአጭሩ ልሂድበት። በ67 ዓመት መጀመሪያ የምጠረጥረው የደም ግፊትን ነው፤ በየትኛውም አገር ከዚህ የምት መዛባት ጋር በብዛት ተጣምሮ የሚገኘው እርሱ ነው። ለዓመታት ሳያሳምም ልብን ያወፍራል፣ ላይኛውን ክፍል ይለጥጣል። ሁለተኛው ጥርጣሬዬ በእኛ ደጋ ላይ ከሌላው ቦታ ይልቅ የሚከብደው እንቅርት ነው። ኢትዮጵያ ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት ደንብ አውጥታ ያስገደደችው በ2003 ዓ.ም. ነው፤ የእናትዎ ትውልድ አዮዲን በሌለው አሞሌ ነው ያደገው። ለ30 ዓመት ምንም ሳያደርግ አንገት ላይ የኖረ እንቅርት በእርጅና ጊዜ ሆርሞን ማብዛት ሊጀምር ይችላል፤ ያን ጊዜ አረጋውያን ላይ ብቸኛው ምልክት የልብ ምት መዛባት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ፍራሚንግሃም ላይ 60 ዓመት ከሞላቸው ሰዎች መካከል ቲኤስኤች የተባለው፣ የእንቅርት ሆርሞን ሲበዛ የሚወርደው የደም ምርመራ ውጤታቸው በጣም ዝቅ ያለባቸው፣ በ10 ዓመት ውስጥ ምታቸው የመዛባት ዕድሉ 3 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። እናትዎ እንቅርት ኖራቸውም አልኖራቸውም ይህ ምርመራ እንዲሠራላቸው ይጠይቁ። ከተገኘ ይታከማል፤ ምቱም አብሮ ሊስተካከል ይችላል።

ብርዱና ከፍታው አላመጡትም። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋለች፣ ኮምቦልቻ ከ1,800 ሜትር በላይ ናት፤ ሀረጎን ወጥተው ደሴ ሲገቡ ትንፋሻቸው ይበልጥ ቢያጥር፣ የደከመ ልብ በሳሳ አየር ውስጥ የበለጠ ስለሚለፋ ነው። የነበረውን ይገልጠዋል እንጂ አይወልደውም። ጉንፋን ወደ ሳንባ ምች ሲዞር ግን ምት ሊያዛባ ይችላልና ሳልና ትኩሳት ከጀመራቸው አይዘግዩ። ቡናውን አይከልክሏቸው፤ በልክ የሚጠጣ ቡና ይህን ሕመም እንደማያባብስ ተደጋግሞ ታይቷል። አረቄና ሌላ መጠጥ ግን ይተው፤ መጠጥ ያቆሙ ሕሙማን ላይ ሕመሙ ተመልሶ የሚነሣው ቀንሶ ታይቷል። ጫት የልብ ምትንና ግፊትን ከፍ ስለሚያደርግ ምቱ ለተዛባ ሰው አይሆንም።

የጎረቤትዎ ምክር ላይ ቆም ልበል። አስፕሪን ርካሽ ነው፣ በየመድኃኒት ቤቱ ይገኛል፣ «ደም ያቀጥናል» ይባላል፤ ስለዚህ ሰው ያምነዋል። በዚህ ሕመም ግን ደም እንዳይረጋ የሚከለክለው ዋርፋሪን የተባለ መድኃኒት በስትሮክ የመያዝን ዕድል በሁለት ሦስተኛ ገደማ ሲቀንስ አስፕሪን የሚቀንሰው በአንድ አምስተኛ ያህል ነው። ዋርፋሪን የማይስማማቸው 5,599 ሰዎች አዲሱን መድኃኒት አፒክሳባንን ወይም አስፕሪንን እንዲወስዱ የተደረገበትና እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው ሙከራ፣ ልዩነቱ ጎልቶ በመታየቱ ከታሰበለት ጊዜ ቀድሞ ነው የቆመው፤ አፒክሳባን የወሰዱት ላይ ስትሮክ ከግማሽ በታች ወርዶ ነበር፣ ከባድ መድማቱም ከአስፕሪኑ ብዙ አልበለጠም። ስለዚህ አስፕሪን አይበቃቸውም። የትኛውን መድኃኒት መውሰድ እንዳለባቸው የሚወስነው ሐኪማቸው ነው፤ ውሳኔው ግን በእነዚያ በሁለቱ መንገዶች ላይ ይቆማል። እናትዎ ሚትራል ቫልቫቸው በኢኮ ታይቶ ካልጠበበ፣ አፒክሳባንና ሪቫሮክሳባን የመሰሉት አዳዲሶቹ ከተገኙና አቅም ከፈቀደ ይሆኗቸዋል። ለወጣቷ ግን የሚሆናት ዋርፋሪን ነው። በ24 አገሮች 4,500 በሚሆኑ የሩማቲክ ልብ ሕሙማን ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ኢንቪክተስ የተባለ ሙከራ ሪቫሮክሳባንን ከዋርፋሪን ወገን መድኃኒቶች ጋር ሲያነጻጽር፣ አሮጌው መድኃኒት በሞትም በስትሮክም የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ብዙዎቻችን አዲሱ ይሻላል ብለን ጠብቀን ነበር።

ዋርፋሪን ግን ክትትል ይፈልጋል። አይኤንአር የሚባለው የደም ምርመራ ከ2 እስከ 3 መካከል መሆን አለበት፤ ከዚያ ካነሰ ደሙ ይረጋል፣ ከበለጠ ይደማል። በሬሜዲ ጥናት ላይ መድኃኒቱን ከሚወስዱት መካከል ውጤታቸው ልክ ሆኖ የተገኘው 28 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። በእኛ አካባቢ አንዱ ምክንያት ሳህን ላይ ነው። ጎመን ዋርፋሪንን የሚያዳክም ቫይታሚን ኬ በብዛት አለው። በዐቢይ ጾም ጎመን በየቀኑ ይበላል፣ ፋሲካ ሲመጣ በአንድ ቀን ወደ ሥጋ ይዞራል፤ አይኤንአሩም አብሮ ይወርዳል፣ ይወጣል። በረመዳን ደግሞ ኪኒኑ ከጠዋት ወደ ማታ ሲዞር አንድ ቀን የሚዘለልበት ጊዜ አለ። ጎመን አትብሉ አልልም፤ በየሳምንቱ የሚበላው መጠን ተመሳሳይ ይሁን፣ ጾም ከመግባቱና ከመውጣቱ በፊት ለሐኪም ይነገር፣ ኪኒኑም ዓመቱን ሙሉ ማታ ቢወሰድ ለጿሚው ይቀላል። ወጣት ሴት ከሆነች አንድ ነገር ይጨመርበታል፤ ዋርፋሪን ጽንስ ሊጎዳ ስለሚችል ከማርገዟ በፊት፣ ካልሆነም ወሯ እንደቀረ ቶሎ መንገር አለባት።

«ታዲያ የተደበቀውን በምን እናገኘዋለን?» ቢሉኝ ጣትዎን ያሳዩኝ እላለሁ። የእናትዎን መዳፍ ወደ ላይ ያዙሩት፤ ከአውራ ጣታቸው ሥር ወደ ክንዳቸው ሁለት ጣት ያህል ወረድ ብለው ሁለት ጣቶችዎን በቀስታ ያሳርፉ። አይጫኑ። ለ30 ሰከንድ አይናገሩ፣ አይቁጠሩም፤ ዜማውን ብቻ ያዳምጡ። በሥርዓት የሚሄድ ምት ቢፈጥንም ቢዘገይም ቀጣዩን ሳይመጣ ያውቁታል። የተዛባው ግን ቀጣዩ መቼ እንደሚመጣ አያስገምትዎትም። ለንደን ውስጥ ቶማስ ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1909 ይህን ዓይነት ምት በኢሲጂ ቀድቶ ከላይኞቹ ክፍሎች መንቀጥቀጥ መሆኑን ከማሳየቱ በፊት፣ ሐኪሞች ለዘመናት የሚያውቁት በጣታቸው ብቻ ነበር። ምቱ የተዛባ የመሰለው ሰው ኢሲጂ ተነሥቶ ይረጋገጣል። በዴንማርክ ከ6,000 በላይ ሰዎች ላይ በተደረገ ሙከራ ለአንዳንዶቹ ሌት ተቀን ምት የሚቀዳ መሣሪያ ከቆዳ ሥር ተቀብሮላቸው ነበር፤ ሕመሙ በ3 እጥፍ በዝቶ ተገኘ፣ ስትሮኩ ግን በሚያስተማምን ደረጃ አልቀነሰም። ስለዚህ ውድ መሣሪያ እስኪመጣልን መጠበቅ የለብንም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የደም ግፊት ስትለካ፣ አዋላጇ ነፍሰ ጡርን ስትመረምር፣ እንቅርት ያለበት ወይም ዳገት የሚያስቸግረው ሰው ጤና ጣቢያ ሲመጣ፣ 30 ሰከንድ አንጓው ቢያዝ በእኛ አገር ከሁሉ የሚበልጠው ቆጠራ ያ ነው ብዬ አምናለሁ።

ለልጆቹ ይተላለፋል ወይ ላሉት፣ ወላጁ ይህ የምት መዛባት ያለበት ሰው ዕድሉ ወደ 2 እጥፍ እንደሚጠጋ ከፍራሚንግሃም ልጆች ታይቷል። ዕጣ ፈንታ ግን አይደለም። የእርስዎና የእህት ወንድሞችዎ የደም ግፊት አሁኑኑ ይለካ፤ ከልክ በላይ ከሆነ በቶሎ ይያዝ፣ ከእናትዎ መንገድ ዋናውን በር የሚዘጋው እርሱ ነው።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ያን የመጀመሪያውን የኢሲጂ ወረቀት ይዘው ይምጡ፤ ኢኮና ቲኤስኤች ካልተሠራላቸው እዚያው ይጠይቁ። የወጣቷን ቤተሰብ ስልክ ይዘው ከሆነ ደግሞ አንድ ጊዜ ይደውሉላቸው። የሩማቲክ ትኩሳቱ እንዳይመለስባት በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የምትወጋው የፔኒሲሊን መርፌ እንደታዘዘላት፣ አይኤንአሯ የሚታይበት ቀን መቼ እንደሆነ፣ አብረዋት ከሚኖሩት ልጆች መካከል መገጣጠሚያው አብጦ የሚያውቅ ይኖር እንደሆነ ይጠይቋቸው። ካለ ለኢኮ ወደ ደሴ ይዘውት ይምጡ።